የመኪና አደጋ ለደረሰበት ሰው፦ ካሳ ከማን፣ እንዴትና መቼ ይጠየቃል?

በነፃ የሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «መኪና ገጭቶኝ እግሬ ተሰበረ። ሹፌሩ ታስሮ ነበር፣ አሁን ተፈቷል። ካሳዬን የሚሰጠኝ ማን ነው?» አንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠይቃል፣ አንዳንዷ ስለ ሞተ ባሏ። ብዙዎቹ ሲመጡ ጊዜው አልፏል፣ ወይም መፈረም የሌለበትን ወረቀት ፈርመዋል። ሁሉንም በቃል ማስረዳት ስለማይቻል መልሱን በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የሚያገለግለው ኢትዮጵያ ውስጥ ለደረሰ አደጋ ነው።

በመጀመሪያ፦ ሦስት በር አለ

ካሳ የሚጠየቅበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ይህን ካላወቃችሁ አንዱ ሲዘጋ ሁሉም የተዘጋ ይመስላችኋል።

የመጀመሪያው በር የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። መድን የሌለው መኪና ከገጫችሁ፣ ወይም ገጭቶ ካመለጠና ካልታወቀ፣ በመድን ሰጪው ቦታ የሚቆመው የመንግሥት የመድን ፈንድ ነው። «ያመለጠ መኪና ስለሆነ ምንም አላገኝም» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ፈንዱ የተቋቋመው ለእናንተ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሁለተኛው በር የመኪናው ባለንብረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለንብረቱን ያለ ጥፋቱም ተጠያቂ ያደርገዋል። «እኔ አልነበርኩም፣ ሹፌሬ ነው» ማለት አያድነውም። መኪናው በአደጋው ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። ሹፌሩም ባጠፋው ጥፋት በራሱ ይጠየቃል።

ሦስተኛው በር የወንጀል ክሱ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል።

ሦስቱ ይደጋገፋሉ። ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ አይከፈልም፣ መድኑ የከፈለው ከጠቅላላው ይቀነሳል። መድኑ ያልሸፈነውን ትርፍ ግን ከባለንብረቱ የመጠየቅ መብታችሁ አይነካም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ጠንካራ ፋይል ግዙና እነዚህን አሰባስቡ። ሁሉም በአንድ ቀን አይገኝም፣ እየተገኘ ይጨመራል።

- የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ከነኮዱና ከነክልሉ
- የትራፊክ ፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪው ስምና ጣቢያው
- የአደጋው ፕላን (መርማሪው የሚያነሳው ንድፍ) ቅጂ
- የሕክምና ካርድ ቁጥር፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የራጅና የምርመራ ውጤቶች
- የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ
- የመድኃኒት፣ የሕክምና፣ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ ደረሰኞች
- የገቢ ማስረጃ
- የዓይን ምስክሮች ስም፣ ስልክና አድራሻ
- መታወቂያ፤ ሌላ ሰው የሚከታተልላችሁ ከሆነ ደግሞ ውክልና

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት እናት የልጃቸውን የስምንት ወር ደረሰኝ በፌስታል ይዘው መጡ። ከፌስታሉ ግማሹ ነጭ ወረቀት ነበር። የፋርማሲ ማሽን የሚያትመው ጽሑፍ ሲቆይ እየደበዘዘ ይጠፋል። ወጪው እውነት ነው፣ ልጁም እፊቴ ቆሟል። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥር የለም። ስለዚህ ደረሰኝ በተቀበላችሁ ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፎቶውንም ለሌላ ሰው ላኩት። ስልክም ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ አደጋው ቦታ ላይ

ቀድሞ ሕይወት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ 991 ነው። የተጎዳውን ሰው ብድግ አድርጎ ታክሲ ውስጥ መወርወር የአከርካሪ ጉዳትን ሊያባብስ ስለሚችል፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ አምቡላንስ መጠበቅ ይሻላል።

ተጎጂው ራሱ ብዙ ማድረግ አይችልም። አጠገቡ ያለ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መዝገቡን የሚያድን ሥራ መሥራት ይችላል። ሰሌዳውን ፎቶ ያንሳ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጎማው የቆመበትን ቦታ፣ የፍሬን ምልክቱን፣ ዜብራ ካለ ዜብራውን ያንሳ። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውንም ያንሳ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ እዚያ ነው የሚገኘው። ብዙ ሰው ቦሎውን አይቶ «መድን አለው» ይላል። ቦሎ የዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫ ነው፣ መድን አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? መኪናው ከተነሳ በኋላ ክርክሩ የቃል ይሆናል። ሹፌሩ «እሱ ነው የገባብኝ» ይላል፣ እናንተ «ዳር ላይ ነበርኩ» ትላላችሁ። ፎቶ ካለ ክርክሩ ያጥራል።

አካባቢው ሱቅ፣ ባንክ ወይም ሆቴል ካለ የደኅንነት ካሜራ ይኖራል። ቀረጻው ግን አይቆይም፣ አዲስ ሲቀረጽ አሮጌው ይጠፋል። በማግስቱ ሂዱና እንዳያጠፉት ለምኑ። መርማሪውም በደብዳቤ እንዲጠይቅላችሁ ንገሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሹፌሩ «ፖሊስ አያስፈልግም፣ እኔ አሳክማለሁ» ካለ አትስማሙ። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፖሊስ መዝገብ ከሌለ መድን ሰጪውም ፈንዱም የሚያየው ነገር የለም። ማታ ያልታየ የጭንቅላት ወይም የሆድ ጉዳት ጠዋት ሊወጣ ይችላል፣ ሰውየው ደግሞ ጠዋት ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሕክምና

አዋጁ ለተጎጂዎች አስቸኳይ ሕክምና ይደነግጋል። ወጪው በተወሰነ ጣሪያ ድረስ በመድን ሰጪው፣ መኪናው መድን ከሌለው ወይም ካልታወቀ ደግሞ በፈንዱ ይሸፈናል። «ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አንነካውም» ከተባላችሁ አትጣሉ። የተረኛውን ኃላፊ ጠይቁ፣ ጉዳዩ የመኪና አደጋ መሆኑን ግለጹ፣ አዋጁንም በቁጥሩ ጥቀሱ። ጊዜ ከሌለና ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ በኋላ ይጠየቃል።

ለሐኪሙ የምትናገሩት የመጀመሪያ ቃል ካርዱ ላይ ይጻፋል። «ወደቅሁ» ካላችሁ ካርዱ «ወደቀ» ይላል። ከአራት ወር በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ካርድ አንስቶ «ይህ ሰው የወደቀው ቤቱ ነው» ብሎ ሲከራከር በዓይኔ አይቻለሁ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ መኪና ገጨኝ» በሉ፣ መጻፉንም አረጋግጡ። ያመማችሁን ቦታ ሁሉ ተናገሩ፣ ትንሽ ቢመስላችሁም። ያልተመዘገበ ጉዳት በኋላ «ከአደጋው ጋር ግንኙነት የለውም» ይባላል።

ደረጃ 3፦ ፖሊስ ጋ ቃል መስጠት

ትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ቢመጣም እዚያ አያልቅም። ትንሽ እንደተሻላችሁ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃል ስጡ፣ ምስክሮቻችሁንም አስመዝግቡ። መነሳት የማይችል ተጎጂ ካለ መርማሪው ሆስፒታል መጥቶ ቃሉን እንዲቀበል ቤተሰብ ይጠይቅ።

ቃላችሁ ከተጻፈ በኋላ አንብቡት ወይም ይነበብላችሁ። ያላላችሁት ነገር ካለ ሳይታረም አትፈርሙ። ያላያችሁትን አትጨምሩ። «ፍጥነቱ መቶ ነበር» ከማለት «በጣም ይፈጥን ነበር፣ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ» ማለት ይበልጣል፣ ሁለተኛውን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚያናውጠው የለም።

ከጣቢያው ስትወጡ የመዝገብ ቁጥሩን ጽፋችሁ ውጡ። ከዚህ በኋላ የሚጻፍላችሁ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ቁጥር ነው። ለሐኪም ማስረጃ የሚሆነውን የፖሊስ ደብዳቤም በዚያው ጠይቁ፤ ሆስፒታሎች በአብዛኛው ያለ እሱ ማስረጃ አይጽፉም።

ደረጃ 4፦ ባለንብረቱንና መድን ሰጪውን መለየት

ሹፌሩን ማወቅ በቂ አይደለም። መኪናው በማን ስም ነው? ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ የማን ስም አለ? መድኑ የየትኛው ኩባንያ ነው? በአደጋው ቀን የጸና ነበር ወይስ አልፎበታል? እነዚህን ፖሊስ ከሹፌሩ ሰነዶች ላይ ይመዘግባል። እዚያ ካልተገኘ መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በፖሊስ ደብዳቤ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገልጻል።

እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ችግር አለ። «መኪናውን ከሸጥኩት ቆይቻለሁ» የሚል ባለሊብሬ ይመጣል። ስሙ አልተዛወረም፣ መኪናው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ማን እውነት እንደተናገረ እናንተ አትመርምሩ። ባለሊብሬውንም፣ መኪናውን ይዞ የሚጠቀምበትንም ሰው ክሱ ውስጥ አስገቧቸው፤ ኃላፊነቱን እነሱ ይከራከሩበት።

የጸና መድን ከሌለ፣ ወይም መኪናው ካልታወቀ፣ ይህንኑ የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ አውጡ። ወደ ፈንዱ የምትገቡበት ቁልፍ እሱ ነው። ፈንዱን የሚያስተዳድረው በፌዴራል ደረጃ ያለው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ሥራው ሞትና የአካል ጉዳትን ይመለከታል። የተሰበረ ጋሪ ወይም የተበላሸ ዕቃ ካለ እሱን ባለንብረቱን ነው የምትጠይቁት።

ደረጃ 5፦ ለመድን ሰጪው ወይም ለፈንዱ ማመልከት

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩ፣ የደረሰው ጉዳት፣ የምትጠይቁት ካሳ። ሰነዶቹን በቅጂ አያይዙ። ዋናውን ለማመሳከር አሳዩ እንጂ አትስጡ። አንድ ጊዜ ገብቶ የቀረ የቦርድ ማስረጃ እንደገና ለማውጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ መልሳችሁ ያዙት። «ተቀብለናል፣ ሂዱ እንደውላለን» ከተባላችሁ ሳትቆጡ «ቅጂዬ ላይ ገቢ መሆኑን ምቱልኝ» በሉ። መቼ እንደጠየቃችሁ የሚያስረዳላችሁ ያ ማኅተም ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነው። ለሞት፣ ለአካል ጉዳት፣ ለንብረትና ለአስቸኳይ ሕክምና የተለያየ ጣሪያ አለ። ጎረቤት ያገኘውን የቆየ ቁጥር ይዛችሁ አትደራደሩ። አደጋው በደረሰበት ቀን ተፈጻሚ የነበረውን ጣሪያ በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ። ጉዳታችሁ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ደረጃ 6 ለእናንተ ነው።

ደረጃ 6፦ ጉዳቱን በቁጥር ማስላት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 መሠረት ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ «አንድ ሚሊዮን ይሰጠኝ» ከማለት በፊት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል።

ሦስት ነገር ለዩ። አንደኛ፣ እስካሁን የወጣ ወጪ፤ እሱ በደረሰኝ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ሥራ የፈታችሁበት ጊዜ ገቢ። ሦስተኛ፣ ወደፊት የሚቀረው። ሕጉ እንደሚደርስ እርግጥ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ እንደሚችል በአንቀጽ 2092 ይፈቅዳል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወይም ብረት ማውጣት የሚቀራችሁ ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ ከግምታዊ ወጪው ጋር ይጻፍላችሁ።

የወደፊት ገቢን ለመገመት ፍርድ ቤት አካባቢ የተለመደው ስሌት ቀላል ነው። የወር ገቢ በ12 ይባዛል፣ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል፣ በቀሪው የሥራ ዘመን ይባዛል። ለቀሪው ዘመን መለኪያ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 60 ዓመት የጡረታ ዕድሜ ነው። ዕድሜዋ 40 የሆነ፣ በወር 6,000 ብር የምታገኝ፣ ቦርድ 30 በመቶ ጉዳት የሰጣት ሴት እንውሰድ። 6,000 በ12 ሲባዛ 72,000 ነው። የሱ 30 በመቶ 21,600 ነው። በ20 ዓመት ሲባዛ 432,000 ብር ይሆናል።

ፍርድ ቤቱ ይህን ቁጥር እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም። መጠኑን በትክክል ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ (ፍትሐዊ በመሰለው ግምት) ይወስናል፣ ሊቀንስም ይችላል። ስሌት ይዛችሁ ከቀረባችሁ ግን ዳኛው የሚነሳበት መነሻ ያገኛል። ባዶ እጃችሁን ከቀረባችሁ መነሻው የተከሳሽ ቁጥር ይሆናል።

ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው ገቢውን ምን ያስረዳለታል? ጉልት የምትሸጥ ሴት የደመወዝ ደብዳቤ የላትም። የባንክ ወይም የቴሌብር የሒሳብ መግለጫ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ካለ እሱ፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ አብረዋት የሚሸጡ ሴቶችና ዕቃ የሚያስረክቧት ነጋዴ በምስክርነት። ሁለት ሦስቱ ሲደጋገፉ ያሳምናሉ።

የሞራል ካሳ የሚባለውን በተመለከተ ብዙ ሰው ትልቅ ተስፋ ይዞ ይመጣል። ሕጉ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይሆን ገድቦታል። ለደረሰው ሐዘን ይህ ቁጥር ምንም አይደለም፣ ይህን ለሰው መንገር ሁልጊዜ ይከብደኛል። ግን ተስፋችሁንና ጉልበታችሁን በዋናው ጉዳት ላይ አድርጉ።

ቦርዱ ጋ ለመቅረብ አትቸኩሉ። ሕክምናው ሳይጠናቀቅ የተሰጠ መቶኛ የመጨረሻውን ጉዳት ላያሳይ ይችላል። ሐኪማችሁ «ከዚህ በላይ አይሻሻልም» ሲል ነው ትክክለኛው ጊዜ። ይሁን እንጂ ደረጃ 8 ላይ ያለውን የጊዜ ገደብ እያያችሁ።

ደረጃ 7፦ ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ገና አልጋ ላይ እያላችሁ፣ ብርቱካን ይዘው። መምጣታቸው ክፉ አይደለም፣ መታረቅም መልካም ነው። የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ነው።

አንድ የቀን ሠራተኛ ይዞት የመጣውን አስታውሳለሁ። በደብተር ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ፣ አራት መስመር። «ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።» ከታች የእሱ ጣት አሻራና የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ። በዚያን ጊዜ እግሩ የሚድን መስሎት ነበር። አልዳነም።

የዕርቅ ውል ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

- የመጨረሻው የጉዳት መጠን በቦርድ ሳይታወቅ ጠቅላላ ካሳን የሚዘጋ ወረቀት አትፈርሙ።
- ለሕክምና የሚሰጣችሁን ገንዘብ ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ለሕክምና ወጪ ብቻ፣ ወደፊት በሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ።
- «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ይሰረዝ። አይሰረዝም ካሉ አትፈርሙ።
- የምትታረቁት ከሹፌሩ ጋር ብቻ ከሆነ፣ በባለንብረቱና በመድን ሰጪው ላይ ያላችሁ መብት እንደተጠበቀ መሆኑ ይጻፍ።
- ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ የራሱ ሰው ያንብብለት እንጂ የሌላኛው ወገን ሰው አያንብብለት።

ሽማግሌ ፊት «አይ» ማለት ያስቸግራል፣ ይሉኝታ ይይዛል። «በጎ ፈቃዳችሁን ተቀብያለሁ፣ ፊርማውን ሕክምናዬ ሲያልቅ እንነጋገርበታለን» ብትሉ ማንም አይቀየምም።

ደረጃ 8፦ ክስ መመሥረት

በድርድር ካልተጠናቀቀ ወደ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካስቀመጠ ረጅሙ ይሠራል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመክረው 2 ዓመቱን እንደ መጨረሻ እንድትቆጥሩት ነው። ረጅሙ ይርጋ ይሠራል አይሠራም የሚለው ራሱ አንድ ክርክር ነው፣ ያንን ክርክር ባትገቡበት ይሻላል። መድን ሰጪው «እያየነው ነው» እያለ ቢያመላልሳችሁ ጊዜው ቆሞ አይጠብቃችሁም።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሹፌሩ፣ ባለንብረቱና መድን ሰጪው በአንድ ክስ ይጠሩ። ለየብቻ ከከሰሳችሁ እያንዳንዱ በሌለው ላይ ያላክካል።

ማስረጃችሁን ሁሉ ከክሱ ጋር በዝርዝር አያይዙ፦ ሰነዱንም፣ የምስክሮቹንም ስምና አድራሻ። በኋላ «ረስቼው ነው» ብሎ ማስገባት ከባድ ነው። እጃችሁ ላይ የሌለና ፖሊስ ወይም ሆስፒታል ዘንድ ያለ ሰነድ ካለ፣ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብልኝ» ብላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት።

መኪናው ይሸጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ክሱን ስትከፍቱ አብራችሁ ስሙ እንዳይዛወር ዕግድ ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፍርዱ በወጣ ቀን ተከሳሹ በስሙ ምንም የሌለው ሰው ሆኖ ይገኛል።

የዳኝነት ክፍያው በምትጠይቁት ገንዘብ መጠን ይሰላል። ያለ ስሌት ቁጥር መቆለል የማይጠቅመው አንድም ለዚህ ነው። መክፈል የማይችል ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ባለው መሠረት ሳይከፍል ክስ እንዲከፍት ሊፈቀድለት ይችላል። ገቢና ንብረት እንደሌለው የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ጠይቁ። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም መጠየቅ ይችላሉ።

ሰው ከሞተ

ከላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ጥቂት ነገር ይለያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ካሳ መጠየቅ የሚችሉትን ይዘረዝራል፦ የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ። ወንድምና እህት አልተጠቀሱም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚከታተለው ወንድም ስለሆነ ይህ ያስደነግጠዋል። መከታተል ይችላል፣ ግን በውክልና ሆኖ ለእናቱ ወይም ለሟች ልጆች ነው የሚጠይቀው።

የሚያስፈልገው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ሟች ያስተዳድራቸው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ወራሽነት ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው የተቋረጠ መተዳደሪያ ነውና «በየወሩ ይህን ያህል ይሰጠን ነበር» የሚለው መረጋገጥ አለበት። ሲሰላ ሟች ለራሱ ያወጣው የነበረው ይቀነሳል።

አስከሬኑ ሳይመረመር ለመቅበር መቸኮል የተለመደ ነው። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን የሞቱ ምክንያት አደጋው መሆኑን የሚያስረዳው ያ ምርመራ ነው። በተለይ ሰውየው ከአደጋው ሳምንታት ቆይቶ ከሞተ ያለ እሱ ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ዜብራ ላይ ስላልነበርኩ አይገባኝም» ብሎ መተው። የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ሊቀንስ ይችላል፤ ባለንብረቱ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚወጣው ግን ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ መድረሱን ካስረዳ ነው። ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው።

«ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ተብሏል፣ አለቀ» ብሎ ፋይሉን መዝጋት። አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የካሳውን ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነፃ መባል አይገደድም።

ሥራ ላይ እያሉ የተጎዱ ሰዎች አሠሪውን መርሳት። በሥራ ሰዓት፣ ወይም ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ ከተጎዳችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ለአሠሪያችሁ ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቁ።

ሁለት መኪና ተጋጭቶ እናንተ የአንዱ ባለቤት ከሆናችሁ ሙሉ ካሳ መጠበቅ። ሕጉ መነሻው ላይ ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይገምታል። ይህን ግምት የሚያፈርሰው የሌላውን ጥፋት ማስረዳት ነው፣ ስለዚህ የትራፊክ ፕላኑ ለእናንተ ከማንም በላይ ያስፈልጋችኋል።

በነፃ ሊፍት ተሳፍረው የተጎዱ ሰዎች ያለ ማስረጃ መክሰስ። በነፃ የጫናችሁን ሰው ለመጠየቅ ጥፋት ማሳየት አለባችሁ፣ ከእግረኛ ይልቅ የማስረዳት ሸክማችሁ ይከብዳል።

ፍርድ አግኝቶ መቀመጥ። ፍርዱ በራሱ ብር አያመጣም። ተከሳሹ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈትና ንብረቱን፣ የባንክ ሒሳቡን ወይም የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ለፍርድ ቤቱ መጠቆም የእናንተ ሥራ ነው። ደረጃ 8 ላይ ዕግድ የጠየቃችሁበት መኪና የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።